ለአርቦዬ ነጋዴ በአዲስ አበባ የሚስማማው ሠፈር

ከአርቦዬ ተነሥቶ ለሱቁ ዕቃ ሊጭን አዲስ አበባ የሚገባ ነጋዴ፣ ከዕቃው ዋጋ አስቀድሞ የማደሪያውን ሠፈር ሊያስብበት ይገባል። ለሁለትና ለሦስት ቀን የመጣ እንደሆነ በመርካቶ አቅራቢያ ቢያድር ይሻለዋል፤ በከተማው ዳር ርካሽ አልጋ የያዘ ሰው ከኪራዩ ያተረፈውን ለታክሲ ይከፍለዋል፤ የማለዳውም ገበያ ያመልጠዋል።

ቤተሰቡን ይዞ ሊቀመጥ ያሰበ ግን ሠፈርም እንደሚለዋወጥ ይወቅ። ዋናው ገበያ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበረ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ብዙ ነባር ቤቶችና ሱቆች ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት የቦታውን ፕላን ከክፍለ ከተማው ጠይቆ መረዳት የብልህ ነጋዴ ሥራ ነው።