ምንጣፋችንን በምን እናጽዳው? ማራገፍ፣ መጥረግ ወይስ ማጠብ?



ምንጣፍ በብዙዎቻችን ቤት እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ሕፃን የሚድህበት፣ ሶላት የሚሰገድበት ነው። ስለዚህ ስናጸዳው ሁለት ጥያቄ አለብን። አቧራው ወጥቷል ወይ? ነጃሳ ነክቶት ከሆነስ ጠርቷል ወይ? ሁለቱን ጥያቄ አንድ ዘዴ አይመልሳቸውም። በመካነ ኢየሱስና በአካባቢው ላሉ ቤቶች የሚሆኑትን ዘዴዎች እናነጻጽር።

በቅድሚያ ምንጣፉ ከምን እንደተሠራ እንወቅ። በደጋው አገራችን ከበግ ጠጉር የሚሠሩ ዝተትና ባና አሉ፤ ከሱቅ የምንገዛው ደግሞ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። ከጠርዙ አንድ ክር ስበን ከምንጣፉ ርቀን ብናቃጥለው፣ የበግ ጠጉር እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጣል።

1. ማራገፍና በዱላ መምታት፦ ወጪ የለውም፣ መብራት አይፈልግም፣ ከሥር የተቀበረውን አቧራ ያወጣል። ጀርባውን ወደ ላይ አድርገን እንምታው። አስም ያለበት ሰው ግን ከቦታው ይራቅ።

2. ቫኪዩም፦ አቧራውን ሳይበትን ይስባል። ቀስ ብለን፣ ከሁለት አቅጣጫ ብናስኬደው ይሻላል። ሽንትን ወይም የፈሰሰ ወጥን ግን አያነሳም።

3. ቤኪንግ ሶዳ፦ ነስንሰን ጥቂት ሰዓት አቆይተን ስንጠርገው ሽታ ይቀንሳል። ሽታ መቀነስ ግን መጽዳት ማለት አይደለም።

4. በውሃና በሳሙና ማጠብ፦ ቅባትንና እድፍን የሚያስለቅቀው ይህ ነው። እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር፤ ፍሬው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃ ይኮማተራል፣ በረኪናም ይበላዋል፤ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። ሳሙናው በደንብ ካልታጠበ ቀሪው አቧራ ስለሚይዝ ምንጣፉ ቶሎ ይቆሽሻል።

5. ላቫጆ መውሰድ፦ ለትልቅና ለከባድ ምንጣፍ ይመቻል። ኃይለኛው ውሃ ግን የበግ ጠጉርን ይነቅላል፣ በሙጫ የተያያዘውንም ያላቅቃል። ስለዚህ ግፊቱ እንዲቀነስ እንንገራቸው።

ሕፃን ቢሸናበትስ? እዚህ ላይ ማራገፍም ዱቄትም አይበቃም፤ ውሃ ያስፈልጋል። አንድ የገጠር ሰው በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በሸና ጊዜ በቦታው ላይ ውሃ እንዲፈስበት ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እኛም መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ እየተጫንን ሽንቱን እናስመጥጥ፤ ማሸት እድፉን ያሰፋዋል። ከዚያ ውሃ አፍስሰን እንደገና እናስመጥጥ፤ ሽታውና ቀለሙ እስኪለቅ እንድገመው። ዝርዝር ፍርዱን በቅርብ ያለ ኡስታዝ መጠየቅ ነው።

አደራ! ሽንት ባለበት ቦታ ላይ በረኪና አናፍስስ። በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ተዋሕዶ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሕፃንም ለአዋቂም አደገኛ ነው። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ ነው።

ከሁሉም ዘዴ በላይ የሚወስነው ማድረቁ ነው። እርጥብ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል፤ ሻጋታ ደግሞ ሳልና አስም ይቀሰቅሳል። እንደ እስቴ ባለ ደጋ፣ ክረምት ላይ ሙሉ ምንጣፍ ማጠብ ልፋትን ለሻጋታ መስጠት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ማራገፍ፣ መጥረግና የቆሸሸውን ቦታ ብቻ ማጠብ ይሻላል። ሙሉ እጥበቱን ለበጋ እናቆየው። በማለዳ አጥበን፣ ገመድ ወይም አጥር ላይ ሰቅለን፣ ጀርባውንም እየገለበጥን ፀሐይ እናስመታው። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚገባው በበጋ ስለሆነ፣ ከጾሙ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማጠብ ለብዙ ቤት ይመቻል።

ባጭሩ፦ ለአቧራ እናራግፍ፣ ለነጃሳ ውሃ እናፍስስ፣ ፀሐይ ከሌለ ሙሉውን አናርጥብ። አላህ ቤታችንን ንጹሕ፣ ኢባዳችንን ተቀባይ ያድርግልን።