ለሁሉም ብር ቢከፈል ዋጋ ይንራል?

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሲገባ፣ የአዘዞ የቀን ሠራተኛ የደረሰው የገበያው ጭማሪ ብቻ ነው። ምሬቱ ተገቢ ነው። ታዲያ ለእያንዳንዱ ዜጋ በየወሩ መሠረታዊ ገቢ ይከፈል የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር፣ ብር ከበዛ ዋጋ ይንራል የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው፤ የሚጎዳንም የተረሳው ግማሽ ነው።

ዋጋ የሚንረው በገባው ብር ልክ ዕቃ መምጣት ሲያቅተው ነው። በምዕራብ ኬንያ በሲያያ ለድሃ ቤተሰቦች 1,000 ዶላር ገደማ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በየቤቱ ታደለ። ለአካባቢው ኢኮኖሚ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ውጤቱን ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት የዋጋ ጭማሪ ግን 0.1 በመቶ ገደማ ነው። ሱቁም ወፍጮውም ከአቅሙ በታች ይሠራ ስለነበር፣ ገዥ ሲመጣ ዋጋ ሳይጨምር ብዙ ሸጠ። ገንዘቡም ከውጭ የመጣ እንጂ የታተመ አልነበረም።

አዘዞ የመተማ፣ የጎንደርና የባሕር ዳር መንገዶች የሚገናኙባት ናት። መንገዱ ክፍት ሲሆን የሲያያው ነገር እዚህም ሊሠራ ይችላል። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ግን ያው ብር ከተማ ውስጥ የቀረውን ጤፍ ብቻ ያሳድዳል። ስለዚህ የሚታየው የብሩ መጠን ብቻ መሆን የለበትም፤ እህል የጫነው መኪና መግባትም ነው።

ሌላው የሚረሳው፣ ግሽበት ክፍያውን ራሱን መብላቱ ነው። በለሳና ጃናሞራ የሚያውቁት ምርታማ ሴፍቲኔት የተባለው የድጋፍ መርሐ ግብር በ1997 ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ በ2000 ወደ 8 ብር ከፍ አለ። የእህል ዋጋ ግን ጥሎት ሮጠ፤ ቀድሞ ብር ይመርጡ የነበሩ ብዙዎች እህል ይሰጠን አሉ። ኢራንም እ.ኤ.አ. በ2010 የነዳጅና የዳቦ ድጎማ አንሥታ ለዜጋዋ በየወሩ 455,000 ሪያል ገደማ መክፈል ጀመረች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግሽበት አቅሙን አሟጠጠው።

ክፍያው በመንግሥት የግሽበት ቁጥር ይስተካከል የሚሉ አሉ። እኔ አላምነውም። ቁጥሩ የሀገር አማካይ ነው፤ ገቢው ከሞላ ጎደል ለእህል የሚውል ቤት የሚያየውን ንረት አይነግረንም።

መሠረታዊ ገቢ ለሠራተኛው የሚያመጣው ለውጥ ግን ግልጽ ነው። ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ የሚወርደው ሰው በተባለው ዋጋ የሚስማማው፣ ቤቱ የሳምንት ቀለብ ስለሌለ ነው። ያ ቀለብ ካለ እምቢ ማለት ይችላል። በአዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወስን የታሰበው የደመወዝ ቦርድ ለዓመታት ሳይሠራ በመቆየቱ፣ ሠራተኛው ይህን ጉልበት የሚሰጠው ሌላ ነገር አጥቷል።

የመሠረታዊ ገቢው ሙከራ ከበለሳ ይጀመር። ክፍያው ሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር የቆረጠውን 15 ኪሎ እህል በአካባቢው ገበያ የሚገዛ ይሁን፤ በየወሩም ይከለስ። ገንዘቡ ግን ከብሔራዊ ባንክ ብድር እንዳይመጣ፤ የታተመ ብር ይሆናልና።