የእህልን ጥራት በብርሃን፦ ቅርብ ኢንፍራሬድ ለገበሬው ምን ያመጣል?

ከመኸር በኋላ በገበያ ቀን የሚታይ የተለመደ ነገር አለ። ነጋዴው ከጆንያው እፍኝ ይዘግናል፣ ፍሬውን በመዳፉ ያገላብጣል፣ ከዚያም አንዷን በጥርሱ ይሰብራል። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርቃለች፤ ከላመች እርጥብ ናት። ዋጋውም በዚያው ይቆረጣል። ሻጩ ገበሬ የዓመት ልፋቱ በሌላ ሰው ጥርስ ሲመዘን ከማየት በቀር ማስረጃ ይዞ የሚከራከርበት መንገድ የለውም።

የቢራ ገብስ ሲሆን ደግሞ ጥርስም አይበቃም። ብቅል ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ገብስ ፕሮቲኑ በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 በመቶ አካባቢ የሆነውን ነው። ፕሮቲኑ ከዚህ ሲበልጥ ስታርቹ ያንሳል፣ ከብቅሉ የሚገኘው ምርትም ይቀንሳል። ፕሮቲን ደግሞ በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም። ዩሪያ አብዝቶ ወይም አዘግይቶ የጨመረ ገበሬ ማሳው አምሮ፣ ፍሬው ሞልቶ ሳለ በፕሮቲን ብዛት ምርቱ ሊመለስበት ይችላል። ለዚህ ችግር በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት መፍትሔ «ቅርብ ኢንፍራሬድ» በተባለ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ነው።

ከቀይ ቀጥሎ ያለው ብርሃን

እ.አ.አ በ1800 በእንግሊዝ ይኖር የነበረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ ቀለም ባሻገር፣ ለዓይን ምንም በማይታይበት ቦታ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ይበልጥ ሲሞቅ ተመለከተ። ይህ የማይታይ ብርሃን ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ ይባላል። ከሚታየው ብርሃን ጋር የሚዋሰነው ክፍሉ፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ780 እስከ 2 ሺህ 500 ናኖሜትር ገደማ ያለው፣ ቅርብ ኢንፍራሬድ ነው።

ጥቅሙ የሚመጣው ውኃ፣ ፕሮቲን፣ ዘይትና ስታርች እያንዳንዳቸው የዚህን ብርሃን የተለያየ ክፍል ስለሚውጡ ነው። ለምሳሌ ውኃ በ1 ሺህ 450 እና በ1 ሺህ 940 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አጥብቆ ይውጣል። መሣሪያው በእህሉ ላይ ብርሃን አብርቶ የተመለሰውን ወይም ያለፈውን ይለካል፤ ከጎደለውም የእርጥበቱንና የፕሮቲኑን መጠን ያሰላል። ኬሚካል አይፈልግም፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች እህሉን መፍጨት ሳያስፈልግ በደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጣሉ።

ይህን ዘዴ ለእርሻ ያበቃው በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የቤልትስቪል ምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ካርል ኖሪስ ነው። ኖሪስ መጀመሪያ የእንቁላልን ጥራት በብርሃን ለመለየት ሠራ፤ ቀጥሎ የእህልን እርጥበት ወደ መለካት ዞረ። የካናዳ እህል ኮሚሽን ደግሞ እ.አ.አ በ1975 የስንዴን ፕሮቲን በዚህ ዘዴ መለካት ጀመረ። ከዚያ በፊት የሚሠራበት የኬልዳል ዘዴ ናሙናውን በሰልፈሪክ አሲድ መቀቀል የሚጠይቅና ሰዓታት የሚወስድ ነበር።

እርጥበትና የኩንታሉ ሒሳብ

የእርጥበት ልኬት ለሻጭም ለገዢም ገንዘብ ነው። እርጥበቱ 16 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል እህል ውስጥ ደረቁ ነገር 84 ኪሎ ነው። 12 በመቶ በሆነው ውስጥ ግን 88 ኪሎ ነው። የመጀመሪያው ደርቆ ወደ 12 በመቶ ቢወርድ ከኩንታሉ የሚተርፈው 95 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ከተሸጡ እህሉን በደንብ አድርቆ ያመጣው ገበሬ በየኩንታሉ ይከስራል ማለት ነው።

ጉዳቱ በዋጋ ብቻ አያበቃም። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ ሆኖ ጎተራ የገባ እህል ለሻጋታና ለነቀዝ ይጋለጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን እጅግ በጥቂት መጠን ጎጂ በመሆኑ በዚህ ብርሃን በቀጥታ መለካት አይቻልም። መሣሪያው እርጥበቱን በመንገር ለመከላከል ይረዳል እንጂ «መርዝ የለበትም» የሚል ማረጋገጫ አይሰጥም።

ከመኖ እስከ ሳተላይት

አዲስ አበባ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) የመኖ ቤተ ሙከራ በዚሁ ዘዴ ይጠቀማል። የሚያመሰኳ ከብት በጨጓራው ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራቸውን በአግባቡ እንዲሠሩ በመኖው ውስጥ 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ጭድ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ፋጉሎ የሚገዛ ገበሬ ደግሞ ገለባ የተቀላቀለበትን ከንጹሑ በዓይኑ ላይለየው ይችላል። መሣሪያው ግን የሁለቱን የፕሮቲን ልዩነት ያሳያል።

ሳተላይቶችም በዚህ ብርሃን ማሳ ያያሉ። ጤናማ ቅጠል ከቀዩ ብርሃን አብዛኛውን ይውጣል፣ ከቅርብ ኢንፍራሬዱ ግን ግማሽ ያህሉን ይመልሳል። ሰብሉ ሲጎዳ ቀዩ ይጨምራል፣ ኢንፍራሬዱ ይቀንሳል። እ.አ.አ ከ2015 ጀምሮ የሚሠሩት የአውሮፓ ሴንቲነል 2 ሳተላይቶች 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬት ለይተው ያሳያሉ፤ ምስሉም ያለ ክፍያ ይገኛል። ሆኖም ብርሃኑ ደመናን አያልፍም፤ ስለዚህ በክረምት ክፍተት ይኖራል። በተጨማሪም ሳተላይቱ የማሳውን መጎዳት እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ቢጫ ዋግ ይሁን፣ የናይትሮጅን እጥረት ወይም ውኃ የቋጠረ መሬት፣ ለመለየት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማሳው ድረስ መሄድ አለበት።

ቴክኖሎጂው ከእርሻ ውጭም ሰፊ ነው። መድኃኒት ፋብሪካዎች የክኒንን ይዘት ሳይሰብሩ ይመረምሩበታል፤ ያገለገለ ፕላስቲክ በየዓይነቱ ይለይበታል፤ እ.አ.አ በታኅሣሥ 2021 የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕም በጠፈር አቧራ የተሸፈኑ ከዋክብትን ያይበታል።

ከሕክምና የተገኘ ትምህርት

በሐኪም ቤት ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በ660 ናኖሜትር ቀይ ብርሃንና በ940 ናኖሜትር ቅርብ ኢንፍራሬድ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ነገር ግን እ.አ.አ በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከባድ ጉድለት አሳየ። የኦክስጅን እጥረት በመሣሪያው ሳይታይ የማለፉ ነገር በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። የቆዳ ቀለም በልኬቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በበቂ ሁኔታ አልታሰበበትም ነበር።

ይህ ለእህል መለኪያውም ይሠራል። መሣሪያው ፕሮቲንን በቀጥታ አይቶ አያውቅም። አስቀድሞ በኬሚካል ከተመረመሩ በርካታ ናሙናዎች ጋር እያነጻጸረ ይገምታል። የተማረባቸው ናሙናዎች የሌላ አገር ዝርያ ከሆኑ፣ በደጋ የበቀለውን የአገር ውስጥ ገብስ አዛብቶ ሊያነብ ይችላል። እውነተኛ ፕሮቲኑ 11 ነጥብ 5 የሆነውን 12 ነጥብ 5 ብሎ ቢያነብ ገበሬው ያለ ጥፋቱ ይመለሳል። ጥርስ ሲሳሳት መከራከር ይቻል ነበር፤ የመሣሪያ ቁጥር ግን ብዙዎች እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቀበሉታል።

ምን ይደረግ?

መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ዩኒየን ወይም ወረዳ ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባው መሣሪያው በየትኞቹ ዝርያዎች እንደተስተካከለ ነው። በየመኸሩ ጥቂት ናሙናዎችን ወደ ቤተ ሙከራ ልኮ ውጤቱን ማመሳከር፣ ልዩነት ሲታይም ማስተካከል ግዴታ ነው። ይህን የሚከታተል የሠለጠነ ባለሙያና ለዚሁ የተያዘ በጀት ከሌለ መሣሪያው በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚያሳስት ዕቃ ይሆናል።

ገበሬውም የድርሻው አለው። ናሙና ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ ብቻ ሳይሆን ከበርካታ ጆንያዎች፣ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ተወስዶ መቀላቀል አለበት። ልኬቱ ገበሬው ባለበት ይደረግ፤ ቁጥሩም በጽሑፍ ይሰጠው። ምርቱ ሲመለስበት ከዚያው ናሙና ግማሹ ታሽጎ ለድጋሚ ምርመራ እንዲቀመጥለት ይጠይቅ። ያኔ በጥርስ ይቆረጥ የነበረው ዋጋ ሁለቱም ወገን አይተው ሊያመሳክሩት በሚችሉት ልኬት ይተካል።