በሐምሌት ቴአትር ውስጥ የኑዛዜ ነገር



ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ሐምሌት» ያነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ሳያድርበት አይቀርም። ሐምሌት የአባቱን ገዳይ ለጸሎት እንደ ተንበረከከ ብቻውን አግኝቶ ሳለ፥ ስለ ምን ሳይገድለው አለፈ? ብዙዎች ይህን ከማመንታት ይቈጥሩታል። ሐምሌት ራሱ የሚሰጠው ምክንያት ግን የሃይማኖት ምክንያት ነው።

የሟቹ ንጉሥ መንፈስ ለልጁ በተገለጸ ጊዜ፥ ተኝቶ ሳለ ስለ ተገደለ ሳይናዘዝና ሳይቈርብ እንደ ሞተ፥ ኀጢአቱም እስኪነጻ ድረስ በእሳት እንደሚቀጣ ይነግረዋል። ካቶሊካውያን ይህን የመንጻት ስፍራ በላቲን ፑርጋቶሪዩም ይሉታል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ባለቅኔው ከመወለዱ 1 ዓመት በፊት፥ በ1563 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ይህን ትምህርት ከንቱ ብላ ነቅፋዋለች። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን የተነቀፈው ነገር በቴአትር መድረክ ላይ አፍ አውጥቶ ተናገረ ማለት ነው። ፍትሐትና ተዝካር የለመደ የኢትዮጵያ አንባቢም፥ ትምህርቱ የእርሱ ባይሆን እንኳ፥ የመንፈሱን ጭንቀት ለመረዳት አይቸገርም።

ስለዚህ ሐምሌት፥ «አባቴ ሳይናዘዝ ሞቶ ሳለ ገዳዩን በጸሎቱ ላይ ብገድለው ወደ ገነት መሸኘት ይሆንብኛል» በሚል አሳብ እጁን ይሰበስባል።

ኬኔት ብራና በ1996 ባዘጋጀው ፊልም ታሪኩን ወደ 19ኛው መቶ ዓመት አምጥቶ፥ ገዳዩን ንጉሥ በካቶሊካውያን የኑዛዜ ሣጥን ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ተናዛዡና ካህኑ በወንፊት መሰል መስኮት ተለያይተው የሚነጋገሩበት ጠባብ የእንጨት ክፍል ነው። በድርሰቱ ውስጥ የለም፤ አዘጋጁ የጨመረው ነው። ጭማሪው ግን ያለ ነገር አይደለም። ምሕረት ከሚጠበቅበት ከመስኮቱ ማዶ ሐምሌት ጩቤ ይዞ ይታያልና፥ ተመልካቹ የይቅርታንና የበቀልን ነገር ባንድነት ያያል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው ነው። ሐምሌት ከሄደ በኋላ ንጉሡ ጸሎቱ እንዳላረገለት ያውቃል፤ በግድያ ያገኛቸውን ዘውድና ንግሥት መልቀቅ አልፈቀደምና። ሐምሌት ጉልበቱን እንጂ ልቡን አላየም። በዚህም ስሕተት ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው፥ እርሱ ራሱም ጭምር፥ አለቀ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቴአትር ስታይ ያን ተንበርካኪ ንጉሥ ልብ ብለህ ተመልከተው። ይቅርታን ይለምናል፤ የወሰደውን ግን አልመለሰም።