ከቦታው የማይነቃነቀው መብራት

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1989፣ ለንደን። ጨረቃ ከሞላች ሦስተኛ ቀኗ ነው። “ማርሺዮነስ” የተባለች 26 ሜትር ርዝመት ያላት የሽርሽር ጀልባ ለልደት ግብዣ የተጠሩ ወጣቶችን ጭና በቴምዝ ወንዝ ላይ ቁልቁል ትወርዳለች። ሙዚቃው ደምቋል። ከኋላዋ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ “ቦውቤል” የምትባል ከውኃ ወለል አሸዋ የምታወጣ መርከብ ትመጣለች። ርዝመቷ 80 ሜትር ገደማ ስለሆነ የጀልባዋን ሦስት እጥፍ ታህላለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ ካነን ስትሪት ከሚባለው የባቡር ድልድይ አጠገብ ደረሰችባት። ማርሺዮነስ ተገልብጣ ለመስጠም የፈጀባት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። 51 ሰዎች ሞቱ።

ይህ የሆነው መሐል ውቅያኖስ ላይ አይደለም። ማዕበልም አልነበረም። ግራና ቀኙ የመንገድ መብራት የተደረደረበት፣ ከዳር እስከ ዳሩ ድንጋይ ቢወረወር የሚደረስ በሚመስል ወንዝ ላይ፣ በአንድ ትልቅ ከተማ እምብርት ነው። መርማሪዎች ዋናውን ጥፋት ያገኙት ሁለቱም ዘንድ ነበር፤ ዙሪያውን በሚገባ የሚቃኝ ሰው አልተመደበም። የቦውቤል መሪ ክፍል ያለው ወደ ኋላዋ ሲሆን ከፊቱ የአሸዋ ማውጫው መሣሪያ ተገትሯል። የማርሺዮነስ መሪ ደግሞ ከፊት ተቀምጦ ከጀርባው ያለው የእንግዶች አዳራሽ የኋላውን እይታ ይጋርደዋል። አንዷ ፊቷን፣ ሌላዋ ጀርባዋን በቅጡ አታይም ነበር ማለት ነው።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሌሊት ውኃ ላይ ሲባል ሁላችንም የምንፈራው ጨለማውን ነው። ጀልባ በሚበዛበት የከተማ ወንዝ ላይ ግን ጨለማው ያን ያህል ጠላት አይደለም። ሰውን የሚያሳስተው መብራቱ ነው።

ቤት ውስጥ መብራት ድንገት ሲሄድ የሚሆነውን አስታውሱ። መጀመሪያ ድቅድቅ ነው፤ እጅ እንኳ አይታይም። ቆይቶ የበርጩማው ቅርጽ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ የበሩ መቃን፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል። ዓይናችን ሬቲና ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። ሾጣጣዎቹ ቀለምና ዝርዝር የሚለዩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። በትር መሰሎቹ ቀለም አይለዩም፤ በጭላንጭል ብርሃን ማየት ግን ያውቁበታል። እነዚህ የሌሊት ሠራተኞች የሚያዩት ሮዶፕሲን በተባለ ንጥረ ነገር አማካይነት ሲሆን ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት ይፈራርሳል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ቀስ እያለ ይጠገናል። ለመጠገኛው ቪታሚን ኤ ያስፈልጋል። ቪታሚኑ ያነሰውን ሰው ዳፍንት የሚይዘውም ለዚህ ነው።

ጥገናው ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለማፍረስ ግን ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ጀልባ የሚነዳ ሰው ስልኩን አውጥቶ መልእክት አየ እንበል። የግማሽ ሰዓት ጥሪቱን በአንድ ጊዜ በተነው። ከፊት ለፊት ረጅም መብራት አብርቶ የሚመጣ ሹፌር መንገዱን ምን እንደሚያደርግብን መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ውኃ ላይ ይብሳል፤ ነጂው ራሱ በባትሪ ወደ ፊት ሲያበራ ብርሃኑ ከጉሙና ከራሱ ጀልባ ነጭ ቀለም ላይ ነጥሮ ተመልሶ ያሳውረዋል። መርከበኞች ሌሊት ካርታ ለማየት ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ሲጠቀሙ የኖሩት በትር መሰሎቹ ሕዋሳት ቀይ ብርሃን ብዙም ስለማይሰማቸው ነው። አንድ ሌላ ዘዴም አለ። የሬቲና መሐል በትር መሰል ሕዋስ የለውም። ስለዚህ ደብዛዛ ነገር ላይ ፊት ለፊት ሲያፈጡበት ይጠፋል፤ ትንሽ ወደ ጎን ሲያዩ ይመለሳል። ደብዛዛ ኮከብ ያየ ሰው ይህን ሳያውቀው ሞክሮታል።

አሁን ወደ ቴምዝ እንመለስ። ቀድማ የምትሄድ ጀልባ ከኋላዋ ለሚመጣ የምታሳየው፣ በውኃ ላይ ጉዞ ደንብ መሠረት፣ አንድ ነጭ መብራት ብቻ ነው። አንድ ነጭ ነጥብ! ከጀርባዋ ደግሞ የድልድይ፣ የሆቴል፣ የመኪና፣ የመንገድ ነጭ ነጥቦች በሺህ ተዘርተው፣ ውኃው ላይ እንደገና ተባዝተዋል። ያቺን አንዷን ከዚያ መሐል መልቀም እንደ እንክርዳድ ለቀማ ነው።

ይህ ሳያንስ ዓይናችን ሌላ ድካም አለበት። እንቅስቃሴ ይወዳል። ቁጥቋጦ ሥር ፍንክች የማትል ጥንቸል አጠገቧ እስክንደርስ አትታየንም፤ ስትሮጥ ግን በዓይናችን ጠርዝ እንኳ እንይዛታለን። ወደ አንድ ነጥብ የሚገሰግሱ ሁለት ጀልባዎችን አስቡ። ሁለቱም ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን ካልለወጡ አንዱ ሌላውን የሚያይበት ማዕዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ከፊታችን የሚያልፍ ጀልባ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ከኋላችን የሚያልፈው ወደ ኋላ ይቀራል። የሚገጨን ግን እዚያው ነው። ቀን ቢሆን ቢያንስ እየገዘፈ ሲመጣ እናየዋለን። ሌሊት መብራት ነጥብ ስለሆነ መግዘፉም አይታይም። ስለዚህ በወንዙ ላይ ካለው መብራት ሁሉ አደገኛው፣ በጣም የረጋው፣ የመንገድ መብራት የሚመስለው ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከተቀመጣችሁበት ሳትነሱ፣ ጀልባዋም አቅጣጫዋን ሳትለውጥ፣ የጠረጠራችሁትን መብራት ከጀልባዋ አንድ ቋሚ ብረት ወይም ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር አስተካክሉት። አንድ ደቂቃ ያህል ቆጥራችሁ ደግማችሁ እዩ። ከብረቱ ፈቀቅ ካለ ደህና። ካልተነቃነቀ እናንተ ተነቃነቁ፤ ፍጥነት ቀንሱ፣ አለዚያም ሌላው በግልጽ ሊያየው በሚችል መጠን ታጠፉ። (መርከቧ ግዙፍ ከሆነችና ከቀረበች ይህም አያስተማምንም፤ አፍንጫዋ አልፏችሁ ጅራቷ ሊያገኛችሁ ይችላል።) ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ አንዱን ኪሎ ሜትር በ97 ሰከንድ ይጨርሳል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲመጡ 49 ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

መብራቶቹ ለሚያነባቸው ሰው ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተፈረመውና ከ1977 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ የእያንዳንዱን መብራት ቀለምና የሚታይበትን ማዕዘን ወስኗል። በግራ ጎን ቀይ፣ በቀኝ ጎን አረንጓዴ፤ እያንዳንዳቸው ከፊት ጀምሮ 112.5 ዲግሪ ይሸፍናሉ። ከኋላ ያለው ነጭ 135 ዲግሪ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ልክ 360 ይሆናሉ። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት፤ “ቀይ” እና “ቀኝ” ጆሮ ላይ ስለሚመሳሰሉ ያምታታሉ። “ቀይ ቀኝ አይደለም” ብሎ መያዝ ይሻላል።

አረንጓዴ ብቻ ካያችሁ ቀኝ ጎኑን እያያችሁ ነው፤ ወደ ቀኛችሁ እየሄደ ነው ማለት ነው። ቀይ ብቻ ካያችሁ ወደ ግራችሁ ይሄዳል። ሁለቱም አንድ ላይ ከታዩ ቀጥታ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። በዚህ ውስጥ የተሸሸገ አንድ ብልሃት አለ። የሁለት የሞተር ጀልባዎች መንገድ መስቀለኛ ሲሆን ሌላውን በቀኙ በኩል ያየው ነው መንገድ የሚለቀው። በቀኝ በኩል የመጣ ጀልባ ደግሞ የሚያሳየው ግራ ጎኑን ስለሆነ የሚታየው ቀይ ነው። በግራ የመጣው አረንጓዴ ያሳያል። የትራፊክ መብራት ማለት ነው፤ ማንም ፖሊስ ሳያስፈልግ።

ይህ ደንብ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ወደብ ባይኖረንም የኢትዮጵያን ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች ይህንኑ ቀይና አረንጓዴ ያበራሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የባሕር ማሠልጠኛ ተምረው የዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ ወጣቶችም አሉን። እዚያው ጣና ላይ ግን ታንኳው ከደንገል ተሠርቶ ውኃው ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ሌሊት ለዓይንም ለራዳርም አስቸጋሪ ነው፤ ደንገል የራዳርን ሞገድ እንደ ብረት አይመልስም። ደንቡ በመቅዘፊያ ለሚሄድ ትንሽ ጀልባ እንኳ መፍትሔ አስቀምጧል፤ ግጭት ሳይደርስ በጊዜ ብልጭ የሚደረግ አንድ ነጭ ባትሪ በእጅ መያዝ።

ትንሹ ጀልባ ትልቁን መርከብ “ያየኛል” ብሎ ማመኑ ሌላው ስሕተት ነው። በትልልቅ አዳዲስ የባሕር መርከቦች ላይ ከመሪው ክፍል ሲታይ ከአፍንጫው ፊት የሚሰወረው ውኃ ከመርከቡ ሁለት እጥፍ ርዝመት ወይም ከ500 ሜትር፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ እንዳይበልጥ ነው ሕጉ የሚያስገድደው። ሕጉ ተከብሮም ቢሆን ግማሽ ኪሎ ሜትር የማይታይ ውኃ ሊኖር ይችላል። ለማቆምም ቢሆን ጭነት የያዘ ትልቅ መርከብ ሞተሩን ወደ ኋላ ገልብጦም ከኪሎ ሜትር በላይ ሊንሸራተት ይችላል። በጠባብ መስመር ውስጥ ከ20 ሜትር ያነሰ ጀልባ ትልቁን እንዳያደናቅፍ ደንቡ የሚያዘው ለዚህ ነው። አምስት አጫጭር የጡሩምባ ድምፅ ከሰማችሁ “ምን ልታደርግ እንዳሰብክ አልገባኝም” እየተባላችሁ ነው። ሙዚቃ ከፍ ብሎ ከሆነ ግን ማን ይሰማል? ደንቡ በዓይንና በጆሮ ቃኙ ይላል፤ ጆሮም ተጠቅሷል።

ሰላሳ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 2019 ምሽት፣ ቡዳፔስት ላይ ዝናብ ሲወርድ “ሀብሌያኝ” የተባለች የቱሪስት ጀልባ በማርጊት ድልድይ አጠገብ ከኋላዋ በመጣ ግዙፍ የመዝናኛ መርከብ ተመታች። 35 ሰዎች ተሳፍረውባት ነበር፤ የተረፉት 7 ናቸው። እዚህም ትልቁ ከትንሹ ኋላ፣ እዚህም ድልድይ፣ እዚህም በብርሃን ያሸበረቀ የከተማ ወንዝ። የሰጠመችው በሰከንዶች ውስጥ ነው።

ሰከንዶች ማለት ጃኬት ከወንበር ሥር ፈልጎ ለመልበስ የማይበቃ ጊዜ ነው። የሕይወት አድን ጃኬት የሚለበሰው ከመነሳት በፊት ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ፊሽካና ትንሽ መብራት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳይፈልግ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ አፉ ያን ጊዜ ከውኃ በታች ከሆነ ዋና ማወቁ አይረዳውም። የሚያዋጣው ለመዋኘት አለመጣደፍ ነው። በጀርባ ተንጋሎ፣ ትንፋሽ እስኪረጋ መንሳፈፍ፣ ከዚያ በፊሽካ መጣራት።

ማርሺዮነስ በሰጠመችበት ሌሊት ቴምዝ ላይ ለነፍስ አድን ብቻ የተመደበ የጀልባ ጣቢያ አልነበረም። ዳኛ ክላርክ የመሩት ምርመራ ካለቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በወንዙ ላይ አራት ጣቢያዎች ተከፈቱ። ከመካከላቸው አንዱ፣ “ታወር” የሚባለው፣ ዛሬ ዋተርሉ ድልድይ አጠገብ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይገኛል። ጣቢያዎቹን የከፈተው የነፍስ አድን ተቋም በመላው ብሪታንያና አየርላንድ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ ጥሪ የሚበዛበት ታወር ነው።