የሦስት ወር መርፌ፣ የማይቆም ደም እና ሶላት



በአገራችን በብዛት ከሚወሰዱት የወሊድ መቆጣጠሪያዎች አንዱ በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ (ዴፖ-ፕሮቬራ) ነው። ብዙ እህቶች በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ወይም የሚረዝም ደም ያያሉ። አንዷ «ሐይድ ላይ ነኝ» ብላ ሶላቷን ለሳምንታት ትተዋለች። ሌላዋ ማንንም ሳታማክር መርፌውን ታቋርጥና ያላሰበችው እርግዝና ይመጣል። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው።

ደሙ ለምን ይመጣል?

ሆርሞኑ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ያሳሳዋል፤ የሳሳው ሽፋን ደግሞ ያለ ጊዜው ይደማል። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ይቀንሳል። ከዓመት በኋላ የብዙዎች የወር አበባ ጭራሽ ይቀራል። ይህ «ደሙ ውስጥ ተጠራቀመ» ማለት አይደለም፤ የሚወርድ ሽፋን ስላልተሠራ ነው። ደም የማታይ ሴት ንጹሕ ናት፤ ትሰግዳለች፣ ትጾማለች።

ሶላትስ?

ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደሟ አልቆም ሲላት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። እሳቸውም ይህ የደም ሥር ደም እንጂ ሐይድ እንዳልሆነ፣ በሐይዷ ቀናት ብቻ ሶላት ትታ ከዚያ ታጥባ እንድትሰግድ ነገሯት። ዑለማዎች ይህን ኢስቲሓዷ ይሉታል። የሐይድ ረጅሙ ጊዜ በሻፊዒይ መዝሀብ 15 ቀን፣ በሐነፊይ 10 ቀን ነው። ደሙ ከዚህ ካለፈና በመልኩ መለየት ካልቻለች፣ ከመርፌው በፊት የነበረውን ልማዷን ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ትታጠባለች፤ ሞዴስ አድርጋ ለእያንዳንዱ ፈርድ ሶላት ወቅቱ ሲገባ ውዱእ ታደርጋለች፤ ትጾማለችም። ስለዚህ ደም ያየሽበትን ቀን ሁሉ ጻፊ፤ ለዓሊሙም ለሐኪሙም ይጠቅማል።

ጤና ጣቢያ መቼ?

ደሙ ከወትሮው እጥፍ ከሆነ ወይም ከ8 ቀን ካለፈ ሂጂ። ባለሙያው እርግዝናና ኢንፌክሽን አለመኖሩን አይቶ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ መድኃኒት ለ5 ቀን ሊያዝልሽ ይችላል፤ የጨጓራ ሕመም ካለብሽ ቀድመሽ ንገሪው። ከዕይታ መደብዘዝ ጋር የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ግን አትዘግዪ።

የተወጋ መርፌ አይወጣም። ካልተስማማሽ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ዘዴ ጠይቂ፤ በመሃል ክፍተት አይኑር። ለመውለድ ስታቆሚም ማህፀን ወዲያው ላይመለስ ይችላል፤ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። ባሎች ሆይ! ይህ መዘግየት መካንነት አይደለም፤ በዚህ ሰበብ ሚስቶቻችሁን አትውቀሱ።

ወላሁ አዕለም።