የሚተከሉ የልብ መሣሪያዎች ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ይሠራሉ?

በልብ ድካም የሚሠቃይ ሰው ደረቱ ውስጥ መሣሪያ ሊተከልለት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በአመዛኙ በቁጥር ነው። ሐኪሞች ልብ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ደም እንደሚረጭ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ምልክት በታችኞቹ የልብ ክፍሎች ለመዳረስ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚፈጅ ይለካሉ። ውጤቱ የተቀመጠውን ወሰን ካሟላ መሣሪያው ይታዘዛል። ወሰኑ ለረጅም ጊዜ ለሴትም ለወንድም አንድ ነበር፤ የተቀመጠው ግን በአብዛኛው ወንዶች በተሳተፉባቸው ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ ነው።

መሣሪያዎቹ ዓይነታቸው ይለያያል። ፔስሜከር የዘገየን የልብ ምት ያስተካክላል። ዲፊብሪሌተር ደግሞ ምቱ በድንገት ተዛብቶ ሞት ሲያሰጋ በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ሥርዓቱ ይመልሰዋል። የጾታ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በሦስተኛው፣ የልብን ግራና ቀኝ አቀናጅቶ እንዲመታ በሚያደርገው መሣሪያ ላይ ነው።

ሁለት ሰዎች አንድ ከባድ ሸክም ሲያነሱ አንዱ ከዘገየ የሁለቱም ጉልበት ይባክናል። ወደ ግራው የልብ ክፍል የሚያደርሰው የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘጋም የሚሆነው ይኸው ነው። መመሪያዎች አቀናጂውን መሣሪያ አጥብቀው ይመክሩ የነበረው ምልክቱ ለመዳረስ 150 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ለሚፈጅባቸው ነበር። በአውሮፓውያኑ 2014 ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች ከ4 ሺህ በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉባቸውን የሦስት ጥናቶች መረጃ አዋህደው መረመሩ። መስመሩ የተዘጋባቸውና ቁጥራቸው ከ130 እስከ 149 የሆነ ሴቶች፣ ዲፊብሪሌተር ብቻ ከተተከለላቸው ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልብ ድካም የመታመም ወይም የመሞት አደጋቸው በ76 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በዚያው ክልል ውስጥ ባሉ ወንዶች ላይ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየም። ከተሳታፊዎቹ ሴቶቹ 22 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበሩ፣ ጥቅማቸው በጠቅላላው ስሌት ውስጥ ተሰውሮ ቆይቷል።

አንዱ ማብራሪያ የልብ መጠን ነው። የሴቶች ልብ በአማካይ ያነሰ በመሆኑ፣ ጤናማ በሆነበት ጊዜም ምልክቱ ፈጥኖ ይዳረሳል። ስለዚህ 140 ሚሊ ሰከንድ ለትልቅ ልብ መጠነኛ መዘግየት ሲሆን ለትንሽ ልብ ከባድ መዛባት ሊሆን ይችላል። የሴቶች የልብ ድካም የደም ሥር መዘጋት ከሚያስከትለው ጠባሳ ጋር የሚያያዘውም ከወንዶቹ ባነሰ መጠን ነው፤ ጠባሳ የሌለበት ጡንቻ ደግሞ ለመሣሪያው በተሻለ ይታዘዛል።

ዲፊብሪሌተርን በተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ160 ሺህ በላይ ሕመምተኞችን የአሜሪካ መዝገብ የመረመረና በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከተከላው ጋር የተያያዘ ከባድ ችግር በ2 በመቶ ሴቶችና በ1.1 በመቶ ወንዶች ላይ መድረሱን አሳይቷል። ቀጭን ደም ሥርና ሳሳ ያለ የልብ ግድግዳ ሽቦውን የማስገባቱን ሥራ ያከብዱታል፤ ሽቦው ልብን፣ መርፌው የሳንባን ሽፋን ሊበሳ ይችላል። ይህ ሴቶች ከመሣሪያው ይራቁ ማለት አይደለም፤ ተከላውን የሚያከናውነው ሐኪም ልምድ ለእነርሱ ይበልጥ ይመዝናል ማለት እንጂ።

በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ የግራው መስመር ለተዘጋባቸውና ልባቸው ደም የመርጨት አቅሙ ከ35 በመቶ ላልበለጠ የልብ ድካም ታማሚ ሴቶች፣ የአቀናጂውን መሣሪያ ወሰን ወደ 120 ሚሊ ሰከንድ ዝቅ አድርጎታል። የቀድሞው ወሰን ብቻ በሚሠራበት ሆስፒታል ግን ውጤቷ 140 የሆነ ሴት ዛሬም ልትታለፍ ትችላለች። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያደረገች ታማሚ ቁጥሯ ስንት እንደሆነና የግራው መስመር ተዘግቶ እንደሆነ ሐኪሟን ብትጠይቅ፣ ሁለቱም መልሶች ከዚያው የምርመራ ወረቀት ላይ ይገኛሉ።